ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ፖስታ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለቀጭኔው ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሳልመልስ የቆየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ የምጽፈውን አጥቼ ነው። ይቅር በለኝ። እዚያ ተራራ ላይ የፖስታ መኪናውን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እንደምትጠብቅ እያወቅኩ ባዶውን እንዲወጣ ማድረጌ ግፍ ነው።

ሳልህ እንዴት ሆነ? የላክሁልህን ሹራብ ልበሰው እንጂ ለድመቷ አታንጥፍላት። እጅጌው አጠረኝ ብለህ እንዳታሳብብ፤ ላንተ ቁመት የሚበቃ እጅጌ ያለው ሹራብ የሚሠራ ሰው ገና አልተወለደም።

እማዬ ከደብዳቤዬ ግርጌ የምትጨምራት መስመር ለምን ቀረች ብለህ ጠይቀሃል። ምንም አይደለም። ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ድናለች። እጇ ቶሎ ይደክማል። ጆሮዋም ከበድ ብሏል፤ በሷ ዕድሜ የማን ጆሮ አይከብድ። ትበላለች፣ ትቆጣኛለች፣ የመስኮቱን መጋረጃ በየቀኑ አንድ ጊዜ ታስተካክላለች። እንደምታውቃት ናት።

"አሁንም ፖስታ መክፈት ነው ሥራሽ?" ብለህ ቀልደህብኛል። አዎ፣ እሱው ነው። እስከ ዛሬ በቅጡ አስረድቼህ አላውቅም መሰለኝ፤ እንግዲህ ስማ። ኢንፌክሽን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ደም ውስጥ ሲገባና መላ ሰውነትን ሲያናጋ ሴፕሲስ እንለዋለን። ጠዋት የሳቀ ሰው ማታ ላይኖር ይችላል። እኛ ጋ ለዚህ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አለ። አንዱ ለሃያ ዓመት ስንሰጠው የኖርነው ነው፣ አሮጌው እንለዋለን። ሌላው ለጥናቱ ብቻ የመጣ ነው፣ አዲሱ እንለዋለን። የትኛው እንደሚሻል ማንም አያውቅም። ለማወቅ ደግሞ ለማን የቱ እንደሚሰጥ ሰው መምረጥ የለበትም፤ ሰው ከመረጠ ያዳላል። ስለዚህ ሁለት መቶ አርባ የታሸጉ ፖስታዎች ተዘጋጁ፣ ከላይ ተራ ቁጥር፣ ከውስጥ አንዲት ፊደል። በሽተኛ ሲመጣ ተራው የደረሰውን ከፍቶ የወጣውን መስጠት ነው። ዕጣ ነው በአጭሩ። ዶክተሯ "ሥራችን አለማወቃችንን መጠበቅ ነው" ይላሉ። አራት ዓመት ጠበቅነው። አሁን ሰባት ፖስታ ብቻ ቀርቶናል።

አለማወቅ ነው ይባል እንጂ ነርሱ ሁሉ በሆዱ የአዲሱ ደጋፊ ነው። እኔም ነኝ።

በል ሌላ ወሬ የለኝም። እህትህ።


ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

"ትንሽ" የምትለዋን ቃልሽን አውቃታለሁ። አባዬ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው "ትንሽ ደከም ብሎታል" ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። የጎረቤቱ አጥር በጎርፍ ሲወሰድ "ትንሽ ዘነበ" አልሽ። ዝናብ መለኪያ ሆነሽ ብትቀጠሪ ኖሮ አገር በጎርፍ ባለቀ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቀቀኝ። ሹራቡን ድመቷ ወሰደችው፣ አልዋሽሽም። በቀን ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን አነባለሁ፤ ቁጥሩን በሬዲዮ እናገራለሁ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ "ደርሶኛል" ይለኛል። ከቁጥር ሌላ ማውራት ክልክል ነው። ከሰው ጋር የማወራው ነገር ይኸው ነው እንግዲህ፣ በቀን ሦስት "ደርሶኛል"። ከድመቷ ጋር ግን ብዙ እንከራከራለን። መልስ ስለማትሰጠኝ ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ።

አሁን ቀልዱን ትተን፣ እማዬ እጇ ደከመ ብለሽኛል። እጇ የደከመ ሰው መጋረጃ በየቀኑ አያስተካክልም። ሆስፒታል ገብታ ነበር? ስንት ቀን? ጆሮዋ ከበደ ማለትስ ምን ማለት ነው፣ ስጠራት አትሰማኝም ማለት ነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ጀምሪልኝ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ፊታችሁን አይቶ ይረዳል። እኔ ያለኝ የምትጽፊው ብቻ ነው።

ቀጭኔው።


ታኅሣሥ 3 ቀን

ወንድሜ፣

እሺ፣ ከሥሩ።

መስከረም ላይ እማዬን ሽንቷ ያቃጥላት ነበር። ለኔ ለነርሷ ልጇ አልነገረችኝም፤ አፈረች። ውሃ አብዝታ እየጠጣች ቻለችው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለች ያሳደገችን ራሷ ናት። አንድ እሑድ ጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ ልወጣ ስል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ግንባሯ ይፋጃል፣ ጣቶቿ ግን በረዶ ናቸው። ቀና ብላ አይታኝ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ያኔ አወቅኩ። በታክሲ ወሰድኳት፤ ስንደርስ የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር። ሴፕሲስ ነው።

ዶክተሯ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ነበሩ። ተረኛው ሐኪም ገና ከትምህርት የወጣ ልጅ ነው። "ጥናቱ ውስጥ ትግባ ወይ?" አለኝ። ደንቡ የጥናቱ ሠራተኛ የራሱን ዘመድ አያስገባም ይላል። እሱ አላወቀም፣ እኔ አውቃለሁ። ግን አዲሱ መድኃኒት ከጥናቱ ውጭ አይገኝም። በቤተሰብ መስመር ላይ ፈረምኩ። በምስክር ነርስ መስመር ላይም ፈረምኩ። አንድ እጅ፣ አንድ እስክሪብቶ።

የፖስታው መሳቢያ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ተራው የ211 ነበር። ፖስታዎቹ ወፍራም ናቸው፣ በባትሪ ብታበራባቸውም አይነበቡም። ራጅ በሚታይበት የግድግዳ መብራት ላይ ብትለጥፋቸው ግን የፊደሏ ጥላ ይወጣል። ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ሳላስበው አይቼው ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ተጠቅሜበትም አላውቅም። ያን እሑድ 211ን ለጠፍኩት። አሮጌው ነው። 212ን ለጠፍኩት። አዲሱ ነው።

ለእማዬ 212ን ከፈትኩላት።

211 አርባ ደቂቃ ያህል የማንም ሳይሆን መሳቢያው ውስጥ ቆየ። ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ መርፌ አውራ ጣቱን ወግቶት እጁ እስከ ክርኑ አብጧል። የሱቁ አከራይ በር ላይ አድርሶት ሄደ። ገና ይናገር ነበር። ስለ ጥናቱ አስረዳሁት፣ ሁለት መድኃኒት አለ፣ የሚደርስህን የሚወስነው ዕጣ ነው አልኩት። ሳቀ። "ዕጣ ከሆነማ የኔን እኔ አውቀዋለሁ፣ አሮጌውን አምጪው" አለኝ። ከዚያ ደግሞ የጋውኔን ጠርዝ አይቶ "ይሄ ተተርትሯል፣ ስነሣ እሰፋልሻለሁ" አለኝ። እኔ በእጄ የያዝኩት ፖስታ ውስጥ ያለውን እያወቅኩ እፊቱ ቀደድኩት።

መዝገቡ ላይ እሱ ከእማዬ ቀድሞ የደረሰ አስመስዬ ሰዓቱን ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። እማዬ በዚያው ቀን ዓይኗን ገልጣ ሾርባ ጠየቀችኝ። አሥራ ሰባት ቀን ተኝታ ወጣች።

ጆሮዋ ገና ሆስፒታል ሳለች መድከም ጀምሮ ነበር፣ አሁን ፈጽሞ አትሰማም። በሩ ሲንኳኳ አትሰማም፣ ድስቱ ሲገነፍል አትሰማም። ሐኪሞቹ በሽታው ነው አሉ። በወረቀት ነው የምናወራው። ደብዳቤዬን ላንተ የምልከው ሳላሳያት ነው፤ አንድ መስመር ብትጨምር ጆሮዋን ትነግርህ ነበርና። ስለ እጇ የጻፍኩልህ ውሸት ነው።

ትናንት የመጨረሻው ፖስታ ተከፈተ። ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም ይቆጠራል። ዶክተሯ ያምኑኛል፤ ያን መሳቢያ ከኔ በቀር ለማንም አልሰጡም። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? እስካሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን አንተም አወቅህ።

እህትህ።


ታኅሣሥ 18 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና አሥራ ሰባት ቀን ስትተኛ እኔ ስለ ድመት እጽፍላችሁ ነበር። ያን ደብዳቤ የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አነበብሽው? አጠገቧ ሆነሽ ነው? አንድ ወንድም አለሽ፣ እሱንም እንደ ሩቅ ጎረቤት "ደህና ነን" ብለሽ ሸኘሽው። እናታችን መስማቷን ትታለች፣ እኔ ግን ስወርድ ምን እንደማወራላት ሳሰላስል ከረምኩ። ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ስጪኝ።

የጠየቅሽኝን ደግሞ ልመልስልሽ። ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም። ሰውየው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ብትናገሪ አይነሣም። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ጥሎኝ አራት ቀን ከአልጋዬ አልወረድኩም። የአራቱን ቀን ዝናብ የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰማሁ በግምት ሞላሁት። አሥራ ሁለት ሚሊሜትር፣ ሰባት፣ ምንም፣ ሦስት። ሬዲዮው "ደርሶኛል" አለኝ። ሰማይ አልተደፋም። እስከ ዛሬም ያ ቁጥር ከእውነተኞቹ ጋር ተሰልፎ ተቀምጧል።

እኔ ብሆንም 212ን እከፍት ነበር። እማዬ ትኑርልኝ እንጂ ሌላው ለኔ ምንም ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ተጠንቀቂ።

ቀጭኔው።


ጥር 5 ቀን

ወንድሜ፣

በሾፌሩ እጅ የላክሃት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። "ውጤቱ ምን ሆነ?" ብቻ ነው የምትለው። ተቆጥተህ እንኳ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ።

ከትናንት ወዲያ በስብሰባ ክፍሉ ተቀመጥን። ቁጥር የሚሠራልን ሰውዬ፣ እኛ ሒሳቡ ነው የምንለው፣ ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ። አሮጌውን ከወሰዱት መቶ ሃያ ሰዎች ሃያ አራት ሞተዋል። አዲሱን ከወሰዱት መቶ ሃያ ሃያ አምስት። አራት ዓመት በሆዳችን ስንደግፈው የኖርነው መድኃኒት ከአሮጌው በምንም አልተሻለም። አንዷ ነርስ "እንደገና ቁጠረው" ስትለው ሒሳቡ ሳቀባት።

ከዚያ ወደ ጎንዮሽ ጉዳቱ ተሻገረ። ከአሮጌው አንድ ሰው ጆሮው ተጎድቷል። ከአዲሱ ዘጠኝ። ዶክተሯ ብድግ ብለው "በቃ፣ መልሳችን ይኸው። ሁለቱም እኩል ያድናሉ፣ አሮጌው ግን ጆሮ እምብዛም አይነካም። ከነገ ጀምሮ አሮጌውን ነው የምንሰጠው" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ያጨበጭባል።

ከዘጠኙ አንዷ እናታችን ናት።

በተራዋ ብተዋት ኖሮ የመትረፍ ዕድሏ ያው ነበር። ጆሮዋ ግን ምናልባት አሁን ይሰማ ነበር። ልብስ ሰፊውስ አዲሱን ቢያገኝ ይድን ነበር? ሰሌዳው አይድንም አይልም፣ ይድናልም አይልም። እንደ ገደልኩት ባውቅ ወይ እንዳልገደልኩት ባውቅ ይሻለኝ ነበር። ማወቅ ግን የለም። ለራሴ ይህን ነው ያተረፍኩት።

ቤት ስገባ ውጤቱን ለእማዬ በወረቀት ጻፍኩላት፤ የመድኃኒቱን እንጂ የፖስታውን አይደለም። አንብባ "ነፍሴን ትቶ ጆሮዬን ከወሰደ ምን ጎደለብኝ። ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ" ብላ ጽፋ ወደኔ ገፋችልኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ወረቀቱን አቃጠልኩት። አንዳንዴ ከኋላዋ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እነግራታለሁ፣ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ሁለት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ብቻውን የሚለፈልፍ ሰው ሆኛለሁ፤ አንተ እንኳ ድመት አለችህ።

ዶክተሯ ጽሑፉን እያዘጋጁ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ለሕትመት ይላካል። ከወጣ በኋላ ብናገር የሁሉም ድካም ነው የሚናደው። አሁን ብናገር የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ዝም አይነቅዝም ያልከኝን ሞክሬዋለሁ። የኔ ነቅዟል።

እህትህ።


ጥር 20 ቀን

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው የቀረብሽን ሰላምታ ደርቤ ልኬልሻለሁ።

ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የምነግርሽ ነገር አለ፣ ሳልጨርሰው መኪናው እንዳይሄድብኝ ብዬ ሾፌሩን ሻይ አፍልቼ አስቀምጬዋለሁ፣ እየተነጫነጨ ነው።

መስከረም ላይ ፈቃድ ነበረኝ። አራት ሳምንት። ተተኪው ሰው ሁሉ ተመድቦ ነበር። አልወረድኩም። "መንገዱ ተበላሽቷል" ብዬ ጻፍኩላችሁ። መንገዱ ደህና ነበር እትዬ። ሰው ፈርቼ ነው። ባለፈው ስመጣ አስታውሺ፣ እማዬ ገበታ ላይ "ምነው ዝም አልክ?" ስትለኝ ሙቀቱን ነገርኳት። አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ አልኳት። ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሌላ የምናገረው ስላጣሁ ነበር። እዚህ ላይ ቆይቼ ቆይቼ ከቁጥር ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም። እንዲህ ሆኜ ከምታዩኝ ብዬ ቀረሁ።

ቤት ብኖር ኖሮ በቤተሰብ መስመር ላይ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አንቺ ያን እሑድ ነርስ ብቻ ትሆኚ ነበር። ወይም ከመሳቢያው ፊት ጎትቼ አወጣሽ ነበር። ወይም እኔ ራሴ "ክፈቺው" እልሽ ነበር፣ እሱን አላውቅም። ብቻሽን ግን አትሆኚም ነበር።

ስለዚህ ዝም በይ ያልኩሽን አንሥቼዋለሁ። እኔ የምመክርሽ ሰው አልነበርኩም። ለዶክተሯ ንገሪ። ለእማዬ ግን አትንገሪ፣ እለምንሻለሁ። የምትሰማው ነገር የላትም፣ የምታየው ያንቺን ፊት ብቻ ነው። ጆሮዋን የወሰድሽባት አንቺ መሆንሽን ካወቀች ያን ፊት እንዴት አድርጋ ታየዋለች? ከፊትሽ ሌላስ ምን አላት? እኔ ልጇ እንደሆንኩ የደብዳቤ ላይ ልጅ ነኝ።

ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ነው።

ቀጭኔው።


የካቲት 6 ቀን

ወንድሜ፣

አልቀየምኩህም። መንገዱ ደህና መሆኑን ያኔም ጠርጥረን ነበር፤ እማዬ "ይረፍ፣ ደክሞት ይሆናል" አለች እንጂ አልተከፋችም። አሥራ ዘጠኝ ዲግሪህን እስከ አሁን ታነሣዋለች።

ለዶክተሯ ነገርኳቸው። ቢሮአቸው ገብቼ ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። አልጮኹብኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "የራጁ መብራት ላይ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ተነሥተው ከተረፉት ባዶ ፖስታዎች አንዱን ወሰዱ፣ ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ጽፈው ከተቱበት፣ አሸጉት፣ ሄደው መብራቱ ላይ ለጠፉት። ጥላዋ ወጣ። ጀርባቸውን ነው የማየው። ከዚያ "ስንቱን እንዲህ አየሽ?" አሉኝ። ሁለቱን ብቻ አልኳቸው። "እንዴት ልመንሽ?" አሉኝ። ይህን በቁጣ ቢሉት ይቀለኝ ነበር። የጠየቁኝ ግን ከልባቸው ነው፣ መልስ ፈልገው።

ኮሚቴ ተቀመጠ። መዝገቡን ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አርባ መረመሩት። የሌሎቹ ሰዓት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ፣ ጥናቱ ተረፈ። 211 እና 212 ይውጡ ተባለ። ሒሳቡ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በሁለቱ መስመሮች ላይ ማስመሪያ አጋድሞ ሰረዘ። አሁን ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ነው። የአሮጌው ሟቾች ሃያ ሦስት ሆኑ። የአዲሱ ጆሮዎች ስምንት ሆኑ። እናታችንም አልታመመችም፣ አልደነቆረችም፣ በመዝገብ ደረጃ።

እማዬስ እኔ አለሁላት፣ አንተ አለህላት። ያኛው ሰውዬ ግን ሲሰረዝ ሳይ "እሱ ምን አጠፋ?" ብዬ ተናገርኩ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዶክተሯ "እሱ ምንም አላጠፋም። የደረሰው ግን የራሱ ዕጣ አይደለም፣ ስለዚህ ልንቆጥረው አንችልም" አሉኝ። ትክክል ናቸው። የቀበረው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሱቁ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል፣ ሄጄ አይቻለሁ፣ ስልክ ይጠግኑበታል። ሞቱ ለአንድ ነገር ይጠቅም የነበረው በዚያች በአንዲት መስመር ነበር። እውነቱን ተናግሬ እሷንም አሳጣሁት።

ከጥናቱ ወጥቻለሁ። ከሥራ አላባረሩኝም፣ ዕቃ ማምከኛ ክፍል አዛወሩኝ። መቀስና መቆንጠጫ በጨርቅ እጠቀልላለሁ፣ ወደ እንፋሎቱ እከታለሁ፣ አወጣለሁ። በሽተኛ አይታይም። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ስሜ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። የድሮ ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፣ ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

እማዬ የጋውኔ ቀለም መቀየሩን አይታ "ምነው?" ብላ ጻፈችልኝ። "ለውጥ ነው" አልኳት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። እስከ መቼ እንደምችል እንጃ።

እህትህ።


መጋቢት 9 ቀን

ወንድሜ ሆይ፣

"ነገርሻት ወይ?" ብለህ በአንዲት መስመር ጠይቀሃል፣ በሌላዋ ደግሞ በሚያዝያ እወርዳለሁ ብለሃል። አትንገሪ ብለኸኝ ነበር። ነገርኳት። ይቅርታህን የምለምነው ለዚህ ብቻ ነው፣ ለሌላው ቀድሞውኑ ሰጥተኸኛል።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ገበታው ላይ ተቀምጬ አራት ገጽ ጻፍኩላት። ላንተ ከጻፍኩት ምንም አላጎደልኩም። ልብስ ሰፊውንም፣ ስለ ጋውኔ ያለውንም ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ጣቷ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለች። ስትጨርስ አጥፋ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

ስምንት ቀን ምንም አልጻፈችልኝም። "ጨው አልቋል።" "አምፖሉ ተቃጥሏል።" ይህን ብቻ። አይታ አታየኝም። ጆሮዋ የተዘጋ ቀን እንኳ እንዲህ አልራቀችኝም። ከሥራ ስመለስ ምግቤ ተከድኖ አገኘዋለሁ፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እንደፈራኸው ሆነ፣ ፊቴን አጣችው አልኩ። በሚያዝያ እወርዳለሁ ያልከውን ጻፍኩላት፣ አንብባ ራሷን ነቀነቀች፣ ያ ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ያን ሳምንት ከማምከኛ ክፍሉ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማምከኛ ክፍሉ ስመላለስ አንድም ሰው አላናገረኝም። ያንተን "ደርሶኛል" ተመኘሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ቁርስ ላይ ወረቀት አስጠጋችልኝ። ከቤቴ ውጪልኝ የምትለኝ መሰለኝ። "ሰውየው ስሙ ማን ይባላል?" ይላል።

አላውቀውም ነበር። ታምናለህ? ይህን ሁሉ ወር ተሸክሜው ስዞር ልብስ ሰፊው ነው የምለው፣ ወይ 211። ካርዱን ያኔ በእጄ ይዣለሁ፣ ስሙን አንብቤዋለሁም፣ ግን አልያዝኩትም። "አላውቅም" ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ጋውኔን ለብሼ ወጣሁ።

ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ "የሟች ካርድ ምን ያደርግልሻል፣ አሁን ጥናቱ ላይ አይደለሽ" አለኝ። ለእናቴ ነው አልኩት። ምን እንደገባው አላውቅም፣ ተነሥቶ ፈለገልኝ። ስሙ፣ ያባቱ ስም፣ ዕድሜ ሃምሳ ስድስት። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ተሰርዟል። ስሙን ካባቱ ስም ጋር በትልልቁ ገልብጬ ይዤ ወጣሁ።

ከሥራ ስመለስ እማዬ በሩ ትይዩ ወንበሯን አድርጋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ወረቀቱን ሰጠኋት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ አነበበችው፣ ልክ የማያውቀውን መንገድ እንደሚያጠና ሰው። ከዚያ ቀና ብላ ጠራችው።

ጆሮዋ ከተዘጋ ወዲህ የድምፅዋን ልክ አታውቅም። እኔና አንተን ልጆች ሳለን ከመንገድ ወዲያ ማዶ ስትጠራን በነበረው ድምፅ ነው የጠራችው፣ ስሙን ካባቱ ስም ጋር። ብርጭቆው ሁሉ ነዘረ። ዝም ብላ ጠበቀች። መልስ ቢመጣም የማትሰማ ሴት ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ እንደገና ጠራችው። እጇን ሰደደችና እጄን ያዘችኝ፣ ሳትለቀኝ ሦስተኛ ጠራችው። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ እሷ አታለቅስም።

በሩ ተንኳኳ። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ ሮጣ የወረደች። "ምነው፣ ደህና አይደላችሁም? ማንን ነው እንዲህ የሚጠሩት?" አለችኝ።

የኛ ሰው ነው አልኳት።

እህትህ።